ባቡሩ ደንገጎን ቢወጣ ኖሮ፦ ከብርሃን የፈጠነ ጉዞ በሳይ-ፋይ ጨዋታዎች እንዴት ይሠራል?

ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የደንገጎን ዳገት ትወጣለህ፣ ሐረማያን ታልፋለህ፣ አወዳይ ላይ የጫት ገበያው ግርግር ትንሽ ያጉላላሃል። አንድ ሰዓት፣ ሲብስም ከዚያ በላይ ይፈጃል። (‘አንተ’ ስልህ እንዳይከፋህ። ድሬ ‘እርስዎ’ አታውቅም።) ብርሃን ይህንኑ 55 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ አንድ ሰከንድ አምስት ሺህ ቦታ ተከፍሎ የአንዱ ድርሻ እንኳ ይተርፈዋል።

ይህን ስነግራቸው የጨዋታ ጓደኞቼ ‘አቦ፣ ጉድ ነው!’ ይላሉ። ከዚያ የመጥፎውን ዜና እነግራቸዋለሁ። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ይባላል። በዚያው ጉደኛ ፍጥነት እንኳ ከ4 ዓመት በላይ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1977 የተተኮሰችው መንኮራኩር ቮዬጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ትበራለች። በዚህ ፍጥነቷ ያን ያህል ርቀት ልሂድ ብትል 75 ሺህ ዓመት ገደማ ያስፈልጋታል። እኛ ደግሞ ያለን አንድ የቅዳሜ ማታ ነው።

ችግሩ ይኸው ነው። የጠፈር ታሪክ መጫወት የፈለገ ሰው ሁሉ፣ መርከቧን ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚያሻግር አንድ ዘዴ መፍጠር አለበት። ዘዴው ደግሞ ሕግ ይፈልጋል። ሕጉ እንዴት እንደሚሠራ ነው ዛሬ ላስረዳህ የምሞክረው።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ሮልፕሌይ ጨዋታ ማለት አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ በጋራ የሚያወራው ታሪክ ነው። አንዱ አጫዋች ይሆናል። ዓለሙን የሚስለው እሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ፦ ካፒቴን፣ መካኒክ፣ ሐኪም፣ ዕዳ ሸሽቶ የጠፋ ነጋዴ። ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። ይሳካ አይሳካ ያልታወቀው ነገር በዳይስ ይወሰናል። ስክሪን የለውም። መብራት ቢጠፋም በሻማ ይቀጥላል። እኛ ድሬዳዋ፣ ‘ከዚራ’ የሚባለው ሰፈር፣ አንድ በረንዳ ላይ ነው የምንጫወተው፣ ሙቀቱ ሲበርድ።

ፊዚክሱ ላይ ብዙ አልቆይም። እ.ኤ.አ. በ1905 አንስታይን ባወጣው ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ክብደት ያለው ነገር ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ቁጥር የሚፈልገው ጉልበት ማለቂያ አይኖረውም። ስለዚህ ‘ትልቅ ሞተር እንግጠም’ መፍትሔ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ሚጌል አልኩቢየሬ የሚባል የሜክሲኮ ሊቅ ሌላ ሒሳብ አሳየ፦ መርከቧ ባለችበት ትቀመጥ፤ ከፊቷ ያለው ህዋ ይሰብሰብ፤ ከኋላዋ ያለው ይለጠጥ። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ይሄዳል። ግን አሉታዊ ጉልበት የሚባል ነገር ይጠይቃል፤ በሚያስፈልገው መጠን ያንን የሚያቀርብ ሱቅ እስካሁን አልተከፈተም። ሌላም ራስ ምታት አለ። ከብርሃን ከፈጠንክ፣ በአንስታይን ሒሳብ መልእክት ወደ ትናንት መላክ ትችላለህ። ጨዋታዎቹ አብዛኞቹ ይህን አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። እኔም እንደዚያው ነኝ። ከተጫዋቾቼ አንዱ መሐንዲስ ነው፤ በየወሩ ያነሳዋል፤ በየወሩ ቡና እቀዳለታለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው የሞተሩ ሕግ የፊዚክስ ጉዳይ ይመስለዋል። አይደለም። የካርታ ጉዳይ ነው። ሞተሩ የት እንደሚቆም የወሰነ ሰው፣ ከተማ የት እንደሚበቅል ወስኗል። ማስረጃ ከፈለግህ እግሬ ሥር አለልህ።

የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተነሳ። የታሰበው ሐረር ለመግባት ነበር። ሐረር ያኔም ቢሆን ያረጀ የንግድ ከተማ ናት፤ ግንብ አላት፣ በሮች አሏት፣ ገበያ አላት። ግን ከፍታዋ 1,900 ሜትር አካባቢ ነው፤ ተራራው ደግሞ ቀጥ ያለ ነው። ያንን ዳገት ባቡር ማስወጣት ኪስ የሚያራግፍ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ፣ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ቀረ። በ1902 መጨረሻ ባቡሩ እዚህ ደረሰና ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ ‘አዲስ ሐረር’ ይሏት ነበር። ድሬዳዋ ማለት እሷ ናት። አዲስ አበባ ባቡር ያየችው ከዚያ በኋላ፣ በ1917 ነው።

አስተውል። ድሬን የፈጠራት ሞተሩ የቻለው ነገር አይደለም፤ ያልቻለው ነው። ባቡሩ ደንገጎን ቢወጣ ኖሮ እኔ ይህን ከዚራ ቁጭ ብዬ አልጽፍልህም ነበር። ጥሩ የጠፈር ጨዋታ ሕግም እንዲሁ ነው፤ መርከቧ የማትችለውን ነገር በደንብ ይነግርሃል።

ይህን ከሁሉ በፊት አጥርቶ የያዘው፣ ለእኔ፣ ትራቨለር ነው። ማርክ ሚለር የሚባል አሜሪካዊ ያዘጋጀው ጨዋታ ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ቮዬጀር የተተኮሰችበት ዓመት መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ግን ደስ ይለኛል።

የትራቨለር ካርታ የንብ ቀፎ ይመስላል። ባለስድስት ጎን ክፍሎች ተደርድረዋል። አንዱ ክፍል አንድ ፓርሴክ፣ ማለትም 3.26 የብርሃን ዓመት ነው። የመርከብ ሞተር ከ1 እስከ 6 ቁጥር አለው። ባለ አንዱ አንድ ክፍል ይዘላል፣ ባለ ሁለቱ ሁለት፣ እያለ እስከ ስድስት። አንድም ዝለል ስድስት ግን ጉዞው የሚፈጀው ያው አንድ ሳምንት ገደማ ነው። ሰው መጀመሪያ ሲሰማው ‘እንዴት?’ ይላል። ዘዴው እዚህ ላይ ነው። መንገዱ ሁልጊዜ አንድ ሳምንት ስለሆነ አጫዋቹ አይምታታም፤ ተጫዋቹም ሒሳቡን በጣቱ ይቆጥራል። ሦስት ዝላይ፣ ሦስት ሳምንት። ልዩነቱ ጊዜው ላይ ሳይሆን ነዳጁ ላይ ነው።

ነዳጁን በቁጥር እንየው። አንድ 200 ቶን የምትይዝ የነጋዴ መርከብ አለችህ እንበል። (በጨዋታው ‘ቶን’ የቦታ መለኪያ ነው። አንድ ቶን ፈሳሽ ሃይድሮጂን የሚይዘው ቦታ ማለት ነው፤ 14 ሜትር ኩብ ገደማ።) ለአንድ ፓርሴክ ዝላይ ከመርከቧ 10 በመቶው ነዳጅ መሆን አለበት። አንድ ክፍል ለመዝለል 20 ቶን። ሁለት ክፍል 40። ሦስት ክፍል 60። ስድስት ልዝለል ካልክ 120 ቶን፤ ከመርከቧ ከግማሽ በላይ ታንከር ሆነ ማለት ነው። ሞተሩ ራሱ ቦታ ይፈልጋል። ሰው ይተኛበታል። ዕቃው የት ይጫን?

ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚከንፍ አይሱዙ አስብ። ‘መንገድ ላይ ማደያ የለም’ ቢሉት ሾፌሩ ከጫቱ ቀንሶ ጀሪካን ይጭናል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ጀሪካኑ ይበዛል፣ ጫቱ ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ ጀሪካን አመላላሽ ይሆናል። ትራቨለር ውስጥ ሩቅ የምትዘል መርከብ የመንግሥት፣ የጦር ወይም የሀብታም የምትሆነው ለዚህ ነው። ተራ ነጋዴ በባለ አንድ ሞተር ከጎረቤት ጎረቤት እየዘለለ ይኖራል። የእኛ ተጫዋቾችም እንደዚያው፤ የመርከቧ ዕዳ በየወሩ ይከፈላል፣ ጭነት ከሌለ ይራባሉ።

ነዳጁ የሚቀዳው ከየት ነው? ከወደብ ከገዛኸው የተጣራ ነው፤ ያስከፍልሃል። ገንዘብ ካነሰህ ጁፒተርን የመሰለ ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ፈልገህ፣ ጫፉን እየዳሰስክ በነፃ ሃይድሮጂን ትጨልፋለህ። ግን አልተጣራም። ባልተጣራ ነዳጅ የዘለለች መርከብ ዝላይዋ ሊሳት ይችላል። በጥንቱ የጨዋታው እትም የሳተ ዝላይ በዳይስ አቅጣጫ ወጥቶለት እስከ 36 ፓርሴክ ድረስ ይወረውርሃል፤ ማንም ወደማያውቅህ ቦታ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ቤንዚን ገዝቶ ባጃጁ ድልድይ ላይ የቆመችበት የድሬ ልጅ ይህን ሕግ ማስረዳት አያስፈልገውም። ከኛ አንዱ ባጃጅ ነጂ ነው። ሕጉን ሳነብለት ‘ወላሂ ይሄን የጻፈው ሰው ባጃጅ ነድቷል’ አለ።

የኬላውንም ነገር ሳልነግርህ አላልፍም። በትራቨለር ሕግ መርከብ ከፕላኔት አጠገብ አትዘልም። የፕላኔቷን ስፋት መቶ እጥፍ መራቅ አለባት። የምድር ስፋት 12,700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መቶ እጥፉ 1.27 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጨረቃ ካለችበት ከሦስት እጥፍ በላይ ይርቃል። ሰውነትህ ምድር ላይ ያለህ ያህል ክብደት እንዲሰማህ አድርገህ፣ ግማሹን መንገድ እየፈጠንክ ግማሹን እያዘገምክ ብትሄድ፣ ስድስት ሰዓት ከሩብ አካባቢ ይወስዳል። ታዲያ ጨዋታው ሁሉ የሚያልቀው በዚያች ስድስት ሰዓት ውስጥ ነው። ፈታሹ የሚይዝህ እዚያ ነው። ሽፍታ የሚያደባው እዚያ ነው። አንዴ ከዘለልክ ማንም አይነካህም። ኮንትሮባንድ የጫነ ሰው ልብ የሚመታው በመላው መንገድ አይደለም፤ ኬላ እስኪያልፍ ነው። አጫዋች ከሆንክ ይህችን ርቀት በፍጹም አትዝለላት።

ከዘለሉ በኋላ ያለችው ሳምንትስ? መስኮት ቢከፈት የሚታይ ነገር የለም። ሬዲዮ አይሠራም። አምስት ሰው አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ሰባት ቀን። አዲስ አጫዋች ‘ሳምንት አለፈ፣ ደረሳችሁ’ ብሎ ይሻገራታል። እኔ በርጫ አደርጋታለሁ። ማን ከማን ተጣላ፣ ማን ምን ደበቀ፣ የተሳፈረው እንግዳ በእውነት ሐኪም ነው ወይ? ከሁሉ የሚታወሱኝ ጨዋታዎች መርከቧ የትም ባልነበረችበት ጊዜ የተጫወትናቸው ናቸው።

ከነዳጁ የማይተናነስ አንድ ሕግ ደግሞ አለ፤ ሰው ልብ አይለውም። በትራቨለር ዓለም ከመርከብ የፈጠነ መልእክት የለም። ስልክ የለም። ደብዳቤ በመርከብ ይሄዳል። ለዚሁ የተሠሩ ፖስተኛ ጀልባዎች አሉ፤ በአንድ ሳምንት አራት ፓርሴክ ይዘላሉ። ንጉሡ ሞተ እንበል። አንተ 60 ፓርሴክ ርቀህ ያለህ አገረ ገዥ ነህ። 60ን ለ4 አካፍል፤ ወሬው ቢያንስ 15 ሳምንት በኋላ ይደርስሃል። ሦስት ወር ተኩል ያህል በሞተ ንጉሥ ስም ትፈርዳለህ። አጭበርባሪ ነጋዴ ደግሞ ወሬው ሳይደርስ ደርሶ ይሸጣል። ከጅቡቲ በሌሊቱ ባቡር ገብቶ የስኳሩን ዋጋ ከሌላው አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ምን ያህል ያተርፍ እንደነበር ታላላቆቻችንን ጠይቅ። ጨዋታው ውስጥ የህዋ ስልክ ካስገባህ ይህ ሁሉ ይጠፋል። በበኩሌ አላስገባም።

ከትራቨለር ቤት የወጣ ሌላ ጨዋታ አለ፤ 2300 ኤዲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1986 ነው የወጣው። እዚህ መርከቧ አትዘልም፤ ሞተሯ በጣም ጥቃቅን ዝላዮችን እያከታተለ ያንቀሳቅሳታል። አንድ ገደብ አለባት፦ 7.7 የብርሃን ዓመት። በተጓዘች ቁጥር ሞተሩ ውስጥ አንድ ክፉ ነገር ይጠራቀማል። 7.7 ከመሙላቱ በፊት ኮከብ ወይም ፕላኔት አጠገብ ደርሳ ካላራገፈች ጨረሩ ሠራተኛውን ይፈጃል።

ከዚህች አንዲት ቁጥር የሚወጣውን ተመልከት። ጎረቤቱ ከ7.7 በላይ የራቀ ኮከብ፣ ወርቅ ቢሆንም አይደረስበትም። ዙሪያው ካሉት ከዋክብት የሚደረስባቸው እንደ ዶቃ የተሰካኩት ብቻ ናቸው። ስለዚህ በዚያ ጨዋታ የሰው ልጅ በየአቅጣጫው አልተበተነም፤ በመስመር ነው የሄደ። የፈረንሳይ ክንድ፣ የቻይና ክንድ፣ የአሜሪካ ክንድ የሚባሉ ሦስት የኮከብ ሰንሰለቶች አሉ። ፋይዳ ቢስ የሆነች ደብዛዛ ኮከብ፣ መሃል ላይ ስለተገኘች ብቻ፣ ሁሉ የሚያልፍባት ትሆናለች። የዱሮው የእንፋሎት ባቡር ውሃ ይፈልግ ነበር። ውሃ ፍለጋ የቆመበት ቦታ ሻይ ይፈላል፣ እንቁላል ይሸጣል፣ ሰው ይሰፍራል። ሽማንደፈር (የዱሮው ባቡር) ላይ የሠሩ አባቶች ከድሬ እስከ ጅቡቲ ያሉትን ጣቢያዎች እንደ ዳዊት በቃላቸው ይዘልቁታል። አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ እያሉ። 2300 ኤዲን ከኔ ይልቅ እነሱ በተሻለ ያጫውቱታል።

መንገድ ያረጃል የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ደግሞ ስታርስ ዊዝአውት ነምበር ነው። የኬቨን ክሮፎርድ ሥራ ነው፤ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ። ቀላሉን እትም በነፃ ማግኘት ይቻላል፤ ኪሱ ለሳሳ ጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። ሒሳቡ፦ በአንድ የካርታ ክፍል ስድስት ቀን፣ ለሞተሩ ቁጥር ይካፈላል። ሁለት ክፍል በባለ አንድ ሞተር 12 ቀን፣ በባለ ሁለት 6 ቀን። ይህ ተራ ነው። ልዩ የሚያደርገው የመንገዱ መዝገብ ነው። መርከበኛ መንገዱን በቅርብ ከሄደበት ሰው መዝገብ ካገኘ ዳይሱ ይቀልለታል። መዝገቡ ዓመታት ካስቆጠረ ይከብደዋል። ጨርሶ ከሌለው እግዜር ይርዳው። ማለዳ የድሬን ደረቅ ወንዝ ደቻቱን በአሸዋው ያቋረጠ ሾፌር ማታ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ያንኑ መንገድ አያምንም፤ ዛሬ ያለፈ ሰው ይጠይቃል። በጨዋታው ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ ይሸጣል፣ ይሰረቃል፣ ይደበቃል። ድንቅ ነው።

ስታርፋይንደር ላይ ቶሎ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። እዚህ ርቀት ትርጉም የለውም። በደንብ ወደታወቀው የጠፈር ክፍል ስትሄድ ሦስት ዳይስ ትጥላለህ፤ ከ3 እስከ 18 ቀን ይወጣል። ወዳልታወቀው ከሆነ አምስት ዳይስ። ከዚያ በሞተርህ ቁጥር ታካፍላለህ። ሚኒባስ በለው። ድሬ-ሐረር ያው አንድ ሰዓት ነው፤ ቁም ነገሩ እስኪሞላ ስንት ትጠብቃለህ የሚለው ነው። ለጨዋታ ይመቻል፤ ግን ካርታ አይሠራም። ሁሉም ቦታ ከሁሉም ቦታ እኩል ከራቀ፣ የማንም ከተማ መንታ መንገድ አይሆንም።

ጭራሽ ሕግ የሌላቸውም አሉ። መርከቧ ታሪኩ በፈለገው ፍጥነት ትሄዳለች፤ አለቀ። ለአንድ ማታ ጨዋታ አልጠላውም። ለወራት ለሚዘልቅ ግን ተጫዋቹ የሚያሰላው ነገር ያጣል። የሚያሰላው ሲያጣ ስልኩን ያወጣል።

እኛ የያዝነው ትራቨለርን ነው። ካርታውን በእጄ ሳልኩት። በአንድ በኩል አራት ሀብታም ዓለሞች አሉ፤ በሌላ በኩል ሦስት። ከአንዱ ወደ ሌላው ሁለት ክፍል ርቀት ነው። ክፍተቱ መሃል አንዲት ዓለት አስቀመጥኩ። አየር የላት፣ ውሃ የላት። በባለ አንድ ሞተር የሚሄድ ሁሉ እሷ ላይ አርፎ ነዳጅ ካልቀዳ አይሻገርም። ስም አላወጣሁላትም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ተጫዋቾቹ በድሬ ባቡር ጣቢያ ሰፈር ስም ‘ለገሃሬ’ አሏት። በስድስተኛው ሳምንት ሐኪሟ ክሊኒክ ከፈተች። ባጃጅ ነጂው ነዳጅ ማጣሪያ ከአንድ ሽማግሌ ጋር በሽርክና ገዛ። ሻይ ቤት አለ። ዕቁብም ጀምረዋል፤ እኔ አላልኳቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ ብሩ ሞላላቸው። ካፒቴኑ ባለ ሁለት ሞተር እንግዛ አለ። ሁለት ክፍል በአንዴ፤ ከሀብታም ወደ ሀብታም በቀጥታ።

‘ለገሃሬስ?’ አለች ሐኪሟ።

‘ከላይዋ እናልፋለን።’

‘እኛ ካለፍን ሌላውም ያልፋል። ሁሉም ባለ ሁለት ይገዛል።’

ካፒቴኑ ትከሻውን ነቀነቀ። ባጃጅ ነጂው የማጣሪያውን ድርሻ በወረቀት ላይ ያሰላ ጀመር። መሐንዲሱ፣ ያ በየወሩ አንስታይንን የሚያነሳብኝ፣ አንገቱን ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አቅጣጫ መለሰ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ ጣቢያው የተሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። አሮጌው ጣቢያ ከበረንዳችን በእግር የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው።

‘ናፍጣው ሲመጣ ውሃ መቅጃዎቹም እንዲሁ ቀሩ’ አለ። ‘አጎቴ እዚያ ነበር የሚሠራ።’

ድምፅ ሰጡ፤ ሁለት ለሁለት ወጣ። አጫዋቹ ድምፅ ስለሌለኝ ዳይሱን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጥኩት። እስካሁን ማንም አላነሳውም። ቅዳሜ እንቀጥላለን።